ሥሩን ማወቅ ቃሉን ማወቅ ነው?

እንግሊዝኛችሁን ለማሻሻል መጽሐፍ ስታፈላልጉ አንድ ምክር መስማታችሁ አይቀርም፦ «ሥሩን ያዝ፣ ቃሉ ራሱ ይመጣል።» የዚህ ምክር ታዋቂው መጽሐፍ በ1949 እ.ኤ.አ. የታተመው የኖርማን ሉዊስ «ወርድ ፓወር ሜድ ኢዚ» ነው። ለመሆኑ ምክሩ ለአንድ የጅግጅጋ ተማሪ ምን ያህል ይሠራል?

እስቲ ከጥሩው እንጀምር። የሥር ነገር ለእኛ አዲስ አይደለም። በአማርኛ «ጻፈ»ን ያወቀ «ጽሑፍ»ንም «ጸሐፊ»ንም ይገምታል። በሶማልኛም «ባሮ» ተማር፣ «ባሬ» አስተማሪ፣ «ዋሕባራሾ» ትምህርት ነው። የሳይንስ እንግሊዝኛም እንዲሁ ነው፤ «ቴርሞ» ሙቀት፣ «ሜትር» መለኪያ መሆኑን ካወቃችሁ ቴርሞሜትር አያስቸግራችሁም። ሉዊስ ደግሞ ሥሩን ነግሮ ብቻ አይተዋችሁም፣ ቃሉን በመልመጃ እየደጋገመ ያመጣዋል። የመጽሐፉ ጉልበት እዚህ ላይ ነው። ከስልክ ስልክ የሚዞሩት ደረቅ የቃላት ዝርዝሮች ግን ይህ የላቸውም።

ችግሩስ? ሥር ያታልላል። «ፔደስትሪያን» እግረኛ ነው፤ «ፔድ» እግር ከሚለው የላቲን ቃል መጥቷል። «ፒዲያትሪሺያን» ላይ ያው ፊደል አለ፣ ግን ምንጩ ልጅ የሚል የግሪክ ቃል ነው። ፊደሉን ብቻ ያየ ሰው የሕፃናት ሐኪሙን የእግር ሐኪም ያደርገዋል።

እኛ ኢንጂነሪንግ የተማርን ሰዎች ዘንድ ደግሞ ይብሳል። «ስትሬስ» እና «ስትሬን» ሁለቱም የሚመለሱት ማጥበቅ፣ መወጠር ወደሚል አንድ የላቲን ሥር ነው። በሜካኒክስ ግን ስትሬስ ኃይል ለስፋት ሲካፈል ነው፣ በፓስካል ይለካል። ስትሬን የርዝመት ለውጥ ለመጀመሪያው ርዝመት ሲካፈል ነው፣ መለኪያ አሃድ የለውም። የሚለያቸው ቀመሩ እንጂ ሥሩ አይደለም።

ዋናው ቅሬታዬ ግን ሌላ ነው። ሉዊስ የጻፈው በእንግሊዝኛ አፉን ለፈታ አዋቂ ነው። በሶማሌ ክልል እስከ 8ኛ ክፍል በሶማልኛ ተምሮ 9ኛ ላይ ፊዚክሱንም ባዮሎጂውንም በእንግሊዝኛ የሚጋፈጥ ልጅ ጉዳዩ ሌላ ነው። ከደምበል ይምጣ ከቶጎ ውጫሌ፣ ፈተና ላይ የሚጥለው «ሚዛንትሮፕ»ን የመሰለ ከባድ ቃል አይደለም። የሚጥሉት «አንለስ»፣ «ዌርአዝ»፣ «አት ሊስት» ናቸው። «አት ሊስት 5» ማለት 5 ወይም ከዚያ በላይ ነው። «አት ሞስት 5» ከሚለው ጋር ካምታታው ስሌቱን አሳምሮ ሠርቶም መልሱን ይስታል። እነዚህን ቃላት ሥር አይፈታቸውም፤ የሚታወቁት ዐረፍተ ነገር ውስጥ ነው።

ለውጭ አገር ድኅረ ምረቃ የምንፈተነው ጂአርኢ እንኳ በ2011 እ.ኤ.አ. የቃል ተቃራኒ የሚያስመርጡትን ጥያቄዎች አስወጥቶ ቃልን በዐውዱ መጠየቁን አጠናክሯል።

ስለዚህ ሥርን አትጣሉት፣ እንደ መላምት ያዙት። ገምቱ፣ ዐረፍተ ነገሩ ላይ ፈትሹት፣ ካልገጠመ መዝገበ ቃላት ክፈቱ። ከዚያ በፊት ግን የራሳችሁን የፊዚክስ መጽሐፍ ውሰዱና ከአንድ ምዕራፍ ያስቆሟችሁን 10 ቃላት ከነዐረፍተ ነገራቸው ጻፉ፣ ጎናቸውም በሶማልኛ ወይም በአማርኛ ፍቷቸው። ከመካከላቸው ስንቱ ከባድ፣ ስንቱ ትንሽ ቃል እንደሆነ ቁጠሩ። ቀጥሎ የምትገዙትን መጽሐፍ የሚወስንላችሁ ያ ቁጥር ነው።