ፊርማው ወይስ ቀኑ? ስለ አንድ የምርጫ ካርቱን

የጋዜጣ ካርቱን ዕድሜው አጭር ነው። ጠዋት ይታያል፣ ይሳቅበታል፣ በማግሥቱ ስኳር ይጠቀለልበታል። በገዳሪፍም ሆነ በመተማ ገበያ የአሮጌ ጋዜጣ መጨረሻው ይኸው ነው። አንዳንዱ ካርቱን ግን ከዚህ ዕጣ ያመልጥና፣ የሠዓሊው ፊርማ ስላለበት በመስታወት ገብቶ በጨረታ የሚሸጥ፣ ሰብሳቢዎች የሚሻሙበት ዕቃ ይሆናል። እኛም በዚህ ጽሑፍ የምናነሣው ጥያቄ፣ ለእንዲህ ያለው ሥዕል ዋጋ የሚሰጠው ምኑ ነው? የሚል ነው። (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።)

ለምሳሌ የምንወስደው አሜሪካዊውን ክሊፎርድ ቤሪማንን ነው። ቤሪማን ከ1907 ጀምሮ በ1949 እስከ ሞተበት ጊዜ ድረስ ዋሽንግተን ውስጥ ይታተም ለነበረው «ስታር» ጋዜጣ ሲሥል የኖረ፣ በ1944 የፑሊትዘር ሽልማት ያገኘ ሰው ነው። ኦክቶበር 19 ቀን 1948፣ የፕሬዚዳንቱ ምርጫ ልክ ሁለት ሳምንት ሲቀረው፣ ሁለቱን ተወዳዳሪዎች ሣለ። የሪፐብሊካኑ ዕጩ ቶማስ ዲዊ ፕሬዚዳንት ሃሪ ትሩማንን፣ ታዲያ ምርጫውን ማካሄዱ ምን ይረባል? ብሎ ይጠይቀዋል። በዚያ ሰሞን የሕዝብ አስተያየት መመዘኛዎች ሁሉ ድሉን ለዲዊ ሰጥተው ስለ ነበር፣ አንባቢው የሳቀው ምናልባት በትሩማን ነው።

ኖቬምበር 2 ቀን ሕዝቡ ድምፁን ሰጠ። ትሩማን በመራጮች ጉባኤ ድምፅ 303 ለ189 አሸነፈ። ከዚያች ዕለት ጀምሮ በሥዕሉ ላይ አንዲት መሥመር ሳትጨመር ትርጉሙ ተገለበጠ፤ መሳቂያው ጠያቂው ዲዊ ሆነ። የቤሪማን ብልኅነት እዚህ ላይ ነው። ትሩማን ተሸንፎ ቢሥለው ኖሮ ሥዕሉ ከሸፈ ትንቢት ጋር ይቈጠር ነበር። እሱ ግን ትዕቢቱን በተናጋሪው አፍ አኑሮ መልሱን ለድምፅ መስጫው ሣጥን ተወለት። ጉድለትም አለበት፤ ቀልዱን የተሸከመው ከመሥመሩ ይልቅ ቃሉ ስለ ሆነ፣ ጽሑፉን ማንበብ ለማይችል ሰው ብዙ አይናገርም።

ወደ ፊርማው እንመለስ። በጋዜጣ ላይ የምናየው ፊርማ ከሥዕሉ ጋር አብሮ የታተመ እንጂ የሠዓሊው እጅ የነካው አይደለም። የእጅ ፊርማ ያለው በቀለምና በብዕር በተሠራው አንድ ዋና ሥዕል ላይ ነው፤ ሰብሳቢው ብዙ ገንዘብ የሚከፍለውም ለዚሁ ነው። ከቤሪማን ዋና ሥዕሎች 2,400 ያህሉ ሴት ልጁ ከሞተች በኋላ በቤቷ ምድር ቤት ተገኝተው ለአሜሪካ ሕዝብ መዝገብ ቤት በቅተዋል። ይሁን እንጂ ከላይ የጠቀስነውን ሥዕል ያለ ቀኑ ብናገኘው ምን እንላለን? ከምርጫው በፊት ይሁን በኋላ መሠራቱን ካላወቅን ቀልዱ ወዴት እንደሚያነጣጥር አናውቅም። ፊርማው የሠዓሊውን ማንነት ይነግረናል፤ የተሳቀበትን ሰው ለማወቅ ግን ቀኑ ያስፈልገናል።

አሁን ያንኑ ጥያቄ ወደ ገዳሪፍ እናምጣው። በኤፕሪል 2010 በሱዳን በተደረገው ምርጫ ዑመር አል በሺር 68.24 በመቶ አገኙ ተባለ፤ ድምፅ ከመሰጠቱ በፊት ከውድድሩ የወጡት ያሲር አርማን እንኳ ስማቸው በወረቀቱ ላይ በመቅረቱ 21.69 በመቶ ተቈጠረላቸው። በኤፕሪል 2015 ዋና ዋናዎቹ ተቃዋሚዎች ሳይሳተፉ የአል በሺር ድርሻ 94.05 በመቶ ደረሰ። በዚያን ጊዜ አንድ የገዳሪፍ መራጭ፣ ምርጫው ምን ይረባል? ቢል ማን ይሥቅ ነበር? ከምርጫው በፊትም በኋላም ትርጉሙ ያው ነው። የቤሪማን ቀልድ የሚሠራው ሣጥኑ እንቢ ማለት በሚችልበት አገር ብቻ ነው። በሱዳን መልሱ የመጣው ከሣጥኑ ሳይሆን፣ በዲሴምበር 2018 በአትባራ፣ በገዳሪፍና በሌሎች ከተሞች አደባባይ ከወጣው ሕዝብ ነው፤ አል በሺርም ኤፕሪል 11 ቀን 2019 ከሥልጣን ወረዱ።

ስለዚህ የሱዳን ካርቱን ሠዓሊ ሌላ መንገድ መፈለግ ነበረበት። ኻሊድ አልበይህ የከተማውን ስም ካርቱምን ከካርቱን ጋር አጋጭቶ ለሥራዎቹ መጠሪያ ያደረገ ሱዳናዊ ነው። ሥዕሎቹን ማንም እንዲቀዳቸው ስለ ፈቀደ በ2011 በካይሮና በቤይሩት ግድግዳዎች ላይ ተገኝተዋል። የእሱ ሥራ ክብሩ በመባዛቱ እንጂ በአንድነቱ አይደለም።

ሰብሳቢ ባይኖር ኖሮ ይህ ሁሉ በጠፋ ነበር የሚል ይኖራል። እውነት ነው። ነገር ግን ሥዕሉን ለመስታወት ሲል በመቀስ የሚቈርጥ ሰብሳቢ ቀኑንና ከጎኑ ያለውን ዜና አብሮ ይጥላል። በዚህ ድንበር አካባቢ ነገሩ ከጨዋታ ያለፈ ነው። በኤፕሪል 2023 ጦርነቱ ሲነሣ የካርቱም ጋዜጦች መታተም በማቆማቸው፣ በአንድ ባለሱቅ መደርደሪያ ላይ ያለ የአሮጌ ጋዜጣ ክምር ሌላ ቦታ የማይገኝ ሊሆን ይችላል።

እንግዲህ መምህራን ሆይ፣ የምርጫ ካርቱን ያለበት ጋዜጣ ስታገኙ ገጹን ሳትቈርጡ ሙሉውን አስቀምጡ። የጋዜጣውን ስምና ቀኑን መዝግቡ፤ ጽሑፉ በዓረብኛ ከሆነ የሚያውቅ ተማሪ ወደ አማርኛ ይመልሰው። ከዚያም ለክፍሉ ሁለት ጥያቄ አቅርቡ፤ በዚያን ዕለት አንባቢው ምን ያውቅ ነበር? ከዚያ ወዲህስ እኛ ምን አወቅን? ፊርማው ካለ ደግሞ በስተመጨረሻ ይነበብ።