የክፍል ረዳቶች ሥልጠናና የጎደለው ትምህርት

በአሜሪካ ኦቲዝም ካለባቸው ተማሪዎች ጎን የሚቀመጡ የክፍል ረዳቶች የባሕርይ ማስተካከያ ዘዴዎችን ከሚማሩባቸው መንገዶች አንዱ እ.ኤ.አ. በ2014 የተጀመረው የባሕርይ ቴክኒሽያኖች ምዝገባ ነው። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ያጠናቀቀ ሰው 40 ሰዓት ሠልጥኖ የተግባር ምዘናውንና ፈተናውን ሲያልፍ ይመዘገባል።

የሥልጠናው ይዘት የሚናቅ አይደለም። አንድን ተግባር በትናንሽ ደረጃዎች ከፋፍሎ ማስተማር፣ ትክክለኛውን ምላሽ ሳይዘገዩ ማበረታታት፣ ልጁ ከመጮኹ በፊትና በኋላ የሆነውን መመዝገብ ረዳቱን ከቁጣም ከግምትም ያድነዋል። ልጁ የጮኸው ባለጌ ሆኖ ሳይሆን ከከበደው ሥራ ለመሸሽ ሊሆን እንደሚችል መገንዘብ ብቻውን ብዙ ቅጣት ያስቀራል።

ችግሩ የሚጀምረው ዘዴው ከተፈተነበት ሁኔታ ተነጥሎ ሲወሰድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1987 የታተመው የኢቫር ሎቫስ ጥናት ከ19 ሕፃናት 9ኙ በአእምሮ ችሎታና በትምህርት ከእኩዮቻቸው ጋር እንደተስተካከሉ ዘግቧል። ሕፃናቱ በዕጣ አልተደለደሉም፤ ጭን ላይ መምታትም ከዘዴዎቹ መካከል ነበር፤ ጥናቱ ሲወደስ ግን ይህ እምብዛም አይነሣም። በዚያ ጥናት 40 ሰዓት ማለት አንድ ሕፃን በሳምንት የሚያገኘው እርዳታ ነበር፤ የሚሰጡትም ክትትል የሚደረግላቸው የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ነበሩ። አሁን ያው ቁጥር የሠራተኛው ጠቅላላ ሥልጠና ሆኗል፤ ከምዝገባ በኋላ የሚፈለገው ዝቅተኛ ክትትልም ከአገልግሎት ሰዓቱ 5 በመቶ ነው።

ከሁሉ የሚከብደው ሌላ ነው። ሥልጠናው ፍንጭን ቀስ በቀስ መቀነስን ያስተምራል፤ ይኸውም እጅ ይዞ ከማጻፍ ወደ መጠቆም፣ ከመጠቆም ወደ ዝምታ መሸጋገር ነው። የሚቀነሰው ግን በአንድ ተግባር ላይ የሚሰጠው ፍንጭ እንጂ የረዳቱ መገኘት አይደለም። ልጁ ስሙን ብቻውን መጻፍ ከቻለ በኋላም የምሳ ዕቃውን የሚከፍትለት፣ በዕረፍት ሰዓት ጓደኞቹ ሲጠይቁት የሚመልስለት ያው ረዳት ከሆነ ዘዴው ተፈጽሞ ዓላማው ቀርቷል ማለት ነው። ማይክል ጃንግሬኮና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1997 ባወጡት ጥናት የረዳቶች የማያቋርጥ ቅርበት ተማሪውን ከክፍል ጓደኞቹ እንደሚለየው፣ የአዋቂ ጥገኛ እንደሚያደርገውና መምህሩንም ከኃላፊነቱ እንደሚያርቀው አመልክተዋል። ጥናቱ ያተኮረው ተደራራቢ ጉዳት ባለባቸው ተማሪዎች ላይ ስለሆነ ወደ ኦቲዝም እንዳለ ሊዛወር አይገባም፤ ሆኖም ዋና ችግሩ ከሰው ጋር መግባባት ለሆነ ልጅ ከጓደኞች መለየት የበለጠ ይጎዳል እንጂ አይቀልም።

ስለዚህ ረዳቱ በየቀኑ በሚሞላው ቅጽ ላይ ልጁ ያለ እርሱ ስንት ደቂቃ እንደሠራና ስንት ጊዜ በራሱ ተነሣሽነት ጓደኛውን እንዳናገረ የሚጻፍበት ዓምድ ሊጨመር ይገባል፤ ቅጹንም የክፍሉ መምህር በየሳምንቱ ሊያነበው ይገባል።