ክፍት ኮድና የስሕተት ፍለጋ

ሪቻርድ ስቶልማን እ.ኤ.አ. በ1987 ለሕዝብ ያቀረበው ጂሲሲ የተባለው ኮምፓይለር የውስጥ ጽሑፉ ለማንም ክፍት ነው። ይሁን እንጂ ክፍት መሆኑ ብቻ ለተማሪ በቂ ነውን?

ከኮምፓይለሩ ክፍሎች ፕሪፕሮሰሰር የሚባለው፣ ፕሮግራሙ ከመተርጐሙ በፊት ጽሑፉን ያሰናዳል። ለምሳሌ ካሬ(ሀ) ማለት ሀ*ሀ ነው ብለን ካሬ(2+1) ብንጽፍ፣ 2+1*2+1 አድርጎ ያቀርበዋል፤ ውጤቱም 9 መሆኑ ቀርቶ 5 ይሆናል። ይህ የእኛ እንጂ የኮምፓይለሩ ጥፋት አይደለም። ስለሆነም ተማሪው አስቀድሞ ራሱን ይመርምር።

የጂሲሲ አዘጋጆች ስሕተት ሲገኝ ተሰናድቶ የወጣውን ጽሑፍ እንድንልክላቸው ይጠይቃሉ። ጥፋቱ የፕሪፕሮሰሰሩ ሲሆን ግን ያ ጽሑፍ ውጤቱን እንጂ መነሻውን አያሳይም፤ መመሪያቸውም ይህን ለይቶ መጥቀሱ ያስመሰግነዋል። ያን ጊዜ ዋናውን ፋይል ደረጃ በደረጃ እየቀነስን፣ ስሕተቱን የሚያሳዩትን ጥቂት መስመሮች ብቻ ማስቀረት አለብን።

ስለ ክፍትነቱ ግን በካርቱም የደረሰውን እናስታውስ። ጂሲሲን ለዊንዶውስ የሚያቀርበው ሚንጂደብልዩ ይገኝበት የነበረው ሶርስፎርጅ፣ እ.ኤ.አ. በጥር 2010 በአሜሪካ ማዕቀብ ምክንያት ሱዳንን ጨምሮ ለአምስት አገሮች ተጠቃሚዎች በሩን ዘጋ። ፈቃዱ ክፍት ሆኖ ሳለ መንገዱ ተዘጋ ማለት ነው።

በእኛ አስተያየት፣ መምህራን የፕሮግራሙን ቅጂ ከነውስጥ ጽሑፉ በትምህርት ቤታቸው ሊያስቀምጡ፣ ተማሪዎችም በዓመት ቢያንስ አንድ ስሕተት እስከ ሥሩ እንዲከታተሉ ሊያደርጉ ይገባል። አለዚያ ክፍትነቱ ለእኛ ስም ብቻ ሆኖ ይቀራል።