ግሽ ዓባይ፦ በአሳሾች መጽሐፍና በተሳላሚዎች እግር

በ7ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሹዋንዛንግ የተባለ ቻይናዊ መነኩሴ ቡድሃ ብርሃን አገኘበት የሚባለውን ቦድ ጋያን ሕንድ ድረስ ተጉዞ ተሳለመ፤ ያየውንም ጽፎ አቆየ። ከሺህ ዓመት በላይ ቆይቶ እንግሊዛዊው አሌክሳንደር ከኒንግሃም የተዘነጉትን የቡድሃ ቅዱሳን ሥፍራዎች ሲፈልግ መንገድ የመራው ያ የተሳላሚ መጽሐፍ ነው። በምዕራብ ጎጃም፣ ሰከላ ወረዳ፣ ግሽ ዓባይ ላይ ግን ነገሩ ተገላብጧል። ስለ ዓባይ ምንጭ ደጋግመን የምንጠቅሰው ለመሳለም የመጡትን ሳይሆን "አገኘን" ለማለት የመጡትን ነው።

ስፔናዊው ኢየሱሳዊ ሚስዮናዊ ፔድሮ ፓኤዝ ከዐፄ ሱስንዮስ ጋር ተጉዞ እ.ኤ.አ. በ1618 ምንጩን አየ፤ እነ ቂሮስ፣ እስክንድርና ዩሊየስ ቄሳር የተመኙትን በማየቱም መደሰቱን ጻፈ። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጀምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1770 ደርሶ ፓኤዝ ቦታውን አላየም ሲል ተከራከረ። ማን ቀደመ የሚለው ሙግት እስካሁን ብዙ ቀለም ፈጅቷል። ያገሬው ሰው ግን በሙግቱ ውስጥ ከቁጥር አልገባም።

ይሁን እንጂ ብሩስን ረጋ ብሎ ላነበበው፣ ምስክሩ እዚያው ገጽ ላይ አለ። መንገድ መሪው ጫማውን እንዲያወልቅ ያዘዋል፤ የቦታው ሰዎች በጫማ መርገጥን አይፈቅዱምና። ብሩስ ጫማውን ጥሎ ቁልቁለቱን ሲሮጥ ሁለት ጊዜ ይወድቃል። ይህ ክፍል ዘወትር የሚነበበው እንደ መንገደኛው ደስታ ነው። እኔን የሚይዘኝ ጫማው ነው። ክልከላ ካለ ከልካይ አለ፤ ብሩስ ራሱ "ክፍለ ዓባይ" የሚባል የምንጩ አገልጋይ እንደነበረና የአገው ጎሳዎች በየዓመቱ ተሰብስበው ጥቁር ጊደር ይሠዉ እንደነበር መዝግቧል። ሥርዓት፣ አገልጋይና የተቆረጠ ቀን ያለው ሥፍራ "ሊገኝ" አይችልም፤ ሲሳለሙት የኖሩት ያውቁታልና።

ዛሬ ቦታው የአቡነ ዘርዐ ብሩክ ገዳም ነው። ጻድቁ ተይዘው ሲወሰዱ ሰባት መጻሕፍታቸውን ለዓባይ አደራ ሰጡ፤ ሲመለሱም ውኃው አንዲት ፊደል ሳይነካ መለሰላቸው ይባላል። አንዳንድ ጸሐፊዎች ክርስትናውን በአሮጌው የወንዝ አምልኮ ላይ እንደተደረበ ስስ ልባስ ያዩታል። አልስማማም። ኦሪት ዘፍጥረት ላይ ኢትዮጵያን ይከብባል የተባለው ግዮን ይኸው ዓባይ ነው ብሎ ለሚያምን ሕዝብ፣ ወንዙ አደራ ጠባቂ መሆኑ ከእምነቱ መሐል የወጣ እንጂ ከውጭ የተለጠፈ አይደለም።

ጥር 13 ቀን የጻድቁ በዓል ነው። አዝመራው ገብቷል፤ ከፍኖተ ሰላም፣ ከቡሬና ከየገጠሩ ስለት ያለበት ሁሉ ወደ ሰከላ ይወጣል። ነጠላውን አጣፍቶ፣ እህል ሳይቀምስ፣ ባዶ እግሩን ጸበሉ ዘንድ ይደርሳል፤ ለታመመውና ለቀረው ደግሞ በጀሪካን ቀድቶ ይመለሳል። ጸበሉ ማንን እንደፈወሰ፣ ስለቱ ለምን እንደተሳለ፣ በየትኛው መንገድ እንደተመጣ የሚያውቁት አረጋውያንና መነኮሳት ናቸው።

የባሕር ዳርና የደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲዎች ከቦታው ሩቅ አይደሉም። የታሪክና የፎክሎር ተመራማሪዎቻቸው የእነዚህን ሰዎች ቃል አሁኑኑ፣ በሕይወት ሳሉ፣ ይቅረጹ፤ በአማርኛና በአዊ አገው ቋንቋ በአዊኛም ያሳትሙ።