ምጣድ ሲሟሽ

ባለፈው ሳምንት አንዲት አዲስ የፓተንት መርማሪ ጠረጴዛዬ አጠገብ ቆማ፣ «ጋሼ፣ የአውሮፓ ፓተንት ቢሮ አስሶ የጨረሰውን እኛ እንደገና ለምን እናስሳለን?» አለችኝ። ሊያሰለጥኑን የሚመጡ እንግዶችም በትህትና የሚመክሩን ይህንኑ ነው፦ ሰው ትንሽ ነው፣ ፋይሉ ብዙ ነው፣ የትልቁን ቢሮ ሪፖርት ተቀበሉና እለፉ። አሳሳቢ ምክር ነው፤ እኔም እስከ ጡረታዬ እከራከረዋለሁ።

ጤፍን አስታወስኳት። አንድ የሆላንድ ኩባንያ በጤፍ ዱቄት ላይ ፓተንት ያገኘው እ.ኤ.አ. በ2007 ከዚያው ከአውሮፓ ቢሮ ነው። ክሌይሙን፣ ጥበቃ የተጠየቀበትን ዓረፍተ ነገር፣ አብረን በተንነው። (ክሌይም በእርሳስ ሳይበለት ኮምፒውተር አላስከፍትም።) ዋናው ነገር «ፎሊንግ ነምበር» የሚሉት የዱቄት መለኪያ ቢያንስ 250 እንዲሆን ነው። እዚያ ለመድረስ ጤፉ ታጭዶ ጥቂት ሳምንት ከቆየ በኋላ ይፈጫል። መለኪያውን አንስተሽ ስታዪው የሚቀርሽ ጎተራ ነው አልኳት። የሄግ ፍርድ ቤት የፈጠራ ብቃት የለውም ብሎ ሆላንድ ውስጥ የሻረው እ.ኤ.አ. በ2018 ነው፤ 11 ዓመት ቆይቶ።

የመረጃ ቋት የሚያውቀው የተጻፈውን ነው። አዋጅ ቁጥር 123/1987 ግን በቃል የተነገረውንም፣ በአገልግሎት ላይ የዋለውንም ከቀዳሚ ጥበብ፣ ከማመልከቻው በፊት ከታወቀው ነገር፣ ይቆጥራል። ይህን ከእኛ በቀር ማን ያስስልናል? ለዚህ ነው ጀማሪ መርማሪ ከስልጠና ክፍል በፊት ምናለሽ ተራ ይዋል የምለው። ምድጃው የሚቀጠቀጠው እዚያ ነው።

እኔ ራሴ ይህን የተማርኩት ተሳስቼ ነው። ከዓመታት በፊት የሸክላ ምጣድ እንጀራ እንዳይዝ በተፈጨ የቅባት እህል በሙቀት ስለማከም የሚናገር ማመልከቻ ደረሰኝ። ሦስት ቀን ሙሉ የምደባ ኮዶቹን እየቀያየርኩ አሰስኩ፤ ምንም አጣሁ። «አዲስ ነው» ብዬ ረቂቁን ጻፍኩ። እሁድ እናቴ ቤት ስገባ አዲስ ምጣድ እያሟሸች ነበር። በሩ ላይ ቆሜ ቀረሁ። ያደግኩበት ሽታ ነው፤ ሦስቱን ቀን አንድም ጊዜ ትዝ አላለኝም። የማመልከቻው እንግሊዝኛ «የገጽ ህክምና» ስለሚል እኔም የምፈልገው የገጽ ህክምና ነበር።

ማግስቱን ቀጨኔ ወደ ሸክላ ሠሪዎቹ ወጣሁ። ማመልከቻው ምስጢር ነውና ስለሱ አንድ ቃል ሳልተነፍስ፣ እንዴት እንደሚያሟሹና ከማን እንደተማሩ ብቻ ጠየቅኩ። የነገሩኝን በአንድ ገጽ ጻፍኩ፤ ሦስት ሴቶች አንብቤላቸው በጣታቸው ፈረሙ። ያ ገጽ በዚህ ሙያ ከሠራሁት ሁሉ የምወደው ነው። እነዚያ ሴቶች እውቀታቸው በመንግሥት ወረቀት ላይ ሲሰፍር ያዩት ያን ቀን ይመስለኛል፤ አንደኛዋ አሻራዋን ካሳረፈች በኋላ ወረቀቱን ቶሎ አልመለሰችልኝም።

ገጹን ወደ ቢሮ ከመውሰዴ በፊት የእናቴን ቃልም ልጨምር ብዬ የጻፍኩትን አነበብኩላት። ፊደል አልቆጠረችም፤ ግን ጆሮዋን ጥላ ሰማችኝና አስቆመችኝ።

«የቅባት እህል ምንድን ነው? ጎመን ዘር ነው በል እንጂ።»

ሰረዝኩና ጎመን ዘር ብዬ ጻፍኩ።