ቁጥሩ ልክ ነው፤ ስሙስ?

በፓስፖርት የፎቶ ገጽ ግርጌ ያሉት ሁለት መስመሮች እያንዳንዳቸው 44 ቦታ አላቸው። የዓለም አቀፉ ሲቪል አቪዬሽን ድርጅት 9303 የተባለው ሰነድ እዚያ እንዲጻፉ የሚፈቅደው 26ቱን የላቲን ትልልቅ ፊደላት፣ አሥሩን አሃዞችና ክፍት ቦታ የሚሞላ አንድ ምልክት ብቻ ነው። መስመሮቹን የሚያነበው ማሽን እንዳይሳሳት መቆጣጠሪያ አሃዝ ተበጅቶለታል፦ የልደት ቀኑ ስድስት አሃዞች (ዓመት፣ ወር፣ ቀን) በተራ በ7፣ በ3፣ በ1 እየተባዙ ይደመራሉ፤ ድምሩ ለ10 ሲካፈል የሚተርፈው አሃዝ ከጎናቸው ይጻፋል። ማሽኑ 8ን 3 ብሎ ቢያነብ ሒሳቡ ወዲያው ይፈርሳል። ይህ ብልሃት ምስጋና ይገባዋል፤ ሆኖም የሚጠብቀው ንባቡን እንጂ እውነቱን አይደለም።

መስከረም 5 ቀን 1990 ዓ.ም. የተወለደ ሰው በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ልደቱ 15/09/1997 ነው። የፓስፖርት ጸሐፊው ቀኑን ሳይቀይር 05/01/90 ብሎ ቢያስገባ፣ ማሽኑ ለተሳሳተውም ቀን አሃዙን አስልቶ ይሰጠዋል። በዚህ ምሳሌ እንዲያውም ለትክክለኛውም ለስህተቱም የሚወጣው አሃዝ 5 ነው። የስም ነገር ደግሞ ይብሳል። ስም የሚጻፍበት የመጀመሪያው መስመር መቆጣጠሪያ አሃዝ የለውም፤ በርካታ መረጃዎችን በአንድነት የሚፈትሸው የማጠቃለያ አሃዝም የሚሰላው ከሁለተኛው መስመር ብቻ ነው። «ፀሐይ» በ«ቲ ኤስ» ወይም በ«ኤስ» ሊጀምር፣ በ«ዋይ» ወይም በ«አይ» ሊያልቅ ይችላል። ማሽኑ አራቱንም ያለአንዳች ተቃውሞ ያሳልፋል፤ ዲፕሎማውና ቪዛው በሌላ አጻጻፍ የወጣለት ባለቤት ግን አንድ ሰው መሆኑን ማስረዳት ይጠበቅበታል።

«ዛሬ ቺፕ አለ፤ ዲጂታል ፊርማ አለ» የሚል ሰው ይኖራል። ቺፑ ግን እነዚያኑ ሁለት መስመሮች ይዟል፤ ፊርማውም ሰነዱ ከወጣ በኋላ እንዳልተነካ ይመሰክራል እንጂ ሲጻፍ ልክ እንደነበር አያረጋግጥም። «አንድ ወጥ የፊደል ሰንጠረዥ ይውጣ» የሚለው ሐሳብ የተሻለ ነው፤ ለአዲስ አመልካች በእጅጉ ይረዳል። ነገር ግን በ26 ፊደል «ተ»ን ከ«ጠ» መለየት ያስቸግራል፤ ቀድሞ በሌላ አጻጻፍ የወጣውን የልጅ ወይም የትምህርት ሰነድም ሰንጠረዡ ወደ ኋላ ተመልሶ አያርመውም። ስለዚህ የጸሐፊው ትልቁ ጥንቃቄ መዋል ያለበት ከኅትመት በፊት ነው፦ የቀድሞ ሰነዶችን አስቀርቦ ማስተያየት፣ ቀኑ በየትኛው አቆጣጠር እንደተነገረ መጠየቅ፣ የላቲኑን አጻጻፍ ለባለቤቱ ፊደል በፊደል አንብቦ «እንዲህ ነው?» ማለት። ለስም የተሠራ መቆጣጠሪያ አሃዝ ስለሌለ፣ ያንን ቦታ የሚሞላው ይህ ጥያቄ ነው።