ሁለት ውሸታሞች በሮም

«ሮማን ሆሊዴይ» የፍቅር ፊልም ነው ይባላል፤ አይደለም ብሎ መከራከርም አይቻልም። ፊልሙን ደግሞ ላየ ሰው ግን ሌላ ነገር ጎልቶ ይወጣለታል፤ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እውነት የሚናገር ሰው የለም ማለት ይቻላል። ዊልያም ዋይለር እ.ኤ.አ. በ1953 ለተመልካች ያቀረበው ይህ ጥቁርና ነጭ ፊልም ሁለት ሰዎች ቀኑን ሙሉ ሮምን እየዞሩ እርስ በርስ ሲዋሹ የሚውሉበት ነው። ውበቱም ያለው እዚያው ውሸቱ ላይ ይመስለኛል።

ታሪኩ ቀላል ነው። የአገሯ ስም የማይነገረው ልዕልት አን (ኦድሪ ሄፕበርን) የአውሮፓ ከተሞችን በይፋ ስትጎበኝ ቆይታ ሮም ትደርሳለች። በየሰዓቱ የተሸነሸነው መርሐ ግብር ያንገፈግፋታል። ሐኪም የማስተኛ መርፌ ወግቷት ሲሄድ፣ ዕቃ አመላላሽ መኪና ላይ ተደብቃ ከኤምባሲው ታመልጣለች። መርፌው መንገድ ላይ ይጥላታል። ጆ ብራድሊ (ግሪጎሪ ፔክ) የተባለ አሜሪካዊ ጋዜጠኛ ከጥንቱ ፎረም አጠገብ ተኝታ ያገኛትና ማንነቷን ሳያውቅ ቪያ ማርጉታ ወዳለው ጠባብ ክፍሉ ይወስዳታል።

ውሸቱ የሚጀምረው ሲነጋ ነው። ኤምባሲው ልዕልቷ በድንገት ታመመች ብሎ መግለጫ ያወጣል። ጆ እንቅልፍ ጥሎት ከልዕልቷ ጋር የነበረው ቀጠሮ አምልጦታል፤ አለቃው ፊት ቆሞ ግን አነጋግሬያታለሁ፣ እንዲህ አለችኝ፣ እንዲያ ለብሳ ነበር እያለ ይቀዳል። አለቃው አስጨርሶት ጋዜጣውን ያቀብለዋል፤ መታመሟ ከነፎቶዋ ወጥቷል። ጆ አልጋው ላይ የተኛችው ማን እንደሆነች የሚያውቀው ያኔ ነው። እሷ በበኩሏ ከትምህርት ቤት የጠፋች ተማሪ ነኝ ትለዋለች። የአባቷን ሥራ ሲጠይቃት የሕዝብ ግንኙነት ዓይነት ነገር ነው ብላ ታልፋለች፤ እሱም ማዳበሪያና ኬሚካል እሸጣለሁ ይላታል። ጓደኛው አርቪንግ (ኤዲ አልበርት) ደግሞ ላይተር ውስጥ ካሜራ ደብቋል። ልዕልቷ በዕድሜዋ የመጀመሪያ የሆነውን ሲጋራ ስትለኩስ፣ እሳት የሚያቀብላት እጅ ፎቶ እያነሳት ነው።

ጉብኝቱን ከፖስታ ካርድነት ያዳነው ይህ ነው። ኮሎሲየም ለአን ዕረፍት ነው፤ ለጆ ሥራ ነው። አለቃው ለዚህ ታሪክ 5,000 ዶላር ሊከፍል ተስማምቷል፤ ጆ ደግሞ የቤት ኪራይ እንኳ ውዝፍ ያለበት ሰው ነው። ስለዚህ አንድ ቦታ በደረሱ ቁጥር ተመልካቹ ደስታዋንም የደስታዋን ዋጋም አብሮ ያያል። ጥንዶች ከተማ ሲያዩ የሚያሳዩ ብዙ ፊልሞች ይህ ድርብ ነገር ስለሌላቸው ሐውልትና አደባባይ ከመቁጠር አያልፉም። ሪቻርድ ሊንክሌተር በ1995 ባወጣው «ቢፎር ሰንራይዝ» ችግሩን ያመለጠው ቪየናን ከወሬው ጀርባ በማስቀመጥ ነው። ዋይለር ግን ከተማዋን ከፊት አድርጓት ነው የተሳካለት።

ዳይሬክተሩ ምን ያህል በጥቂት ነገር እንደሚናገር ለማየት የመጀመሪያውን የእንግዶች አቀባበል ልብ ማለት ይበቃል። አን ቆማ የመኳንንቱንና የአምባሳደሮቹን ሰላምታ ትቀበላለች። ካሜራው ደግሞ በረጅሙ ቀሚስ ሥር የሚሆነውን ያሳየናል፤ አንዱን ጫማ አውልቃ በጣቶቿ የሌላኛውን እግር ታካለች። ጫማው ይወድቃል። በእግሯ እየዳበሰች ብትፈልገው አልገኝ ይላል። ከላይ ፈገግታዋ ንቅንቅ አላለም። ስትቀመጥ ጫማው ከቀሚሷ ፊት ብቻውን ወለሉ ላይ ይቀራል፤ አጃቢዎቿ ያዩታል፤ ማንም ምንም አይልም። በማግስቱ ከጆ በተበደረችው 1,000 ሊሬ፣ በጊዜው አንድ ዶላር ተኩል ገደማ በሆነ ገንዘብ፣ ገበያ ገብታ የምትገዛው ተረከዝ የሌለው ሰንደል ጫማ ነው። ማንም ይህን አያያይዝልንም፤ ዋይለር ተመልካቹን ያከብራል።

ሄፕበርን ፊልሙ ሲቀረጽ የ23 ዓመት ወጣት ነበረች፤ ኦስካሩን ያገኘችው በዚሁ ሥራ ነው። የምትደነቀው ስታምር አይደለም፤ ነፃነቱን እንዴት እንደምትይዘው ሳታውቅ ስትደናገር ነው። ትሬቪ ፏፏቴ አጠገብ ያለው ፀጉር አስተካካይ ይበቃል ወይ እያለ ሲያቅማማ፣ እሷ ከዚህም በላይ ቁረጠው ስትል ድምፅዋ ውስጥ ትእዛዝ የለመደ ሰው አለ። በ1988 የዩኒሴፍ የበጎ ፈቃድ አምባሳደር ሆና የመጀመሪያ ጉዞዋን ያደረገችው ወደ ኢትዮጵያ ስለነበር፣ የእኛ አገር ሰው ይህን ፊት በሌላ ሁኔታም ያውቀዋል። አይስክሬሟን በበላችበት የስፔን ደረጃ ላይ ዛሬ እሷን መስሎ ፎቶ ለመነሳት የሚሄድ ጎብኚ ግን ይጠንቀቅ፤ ከ2019 ጀምሮ እዚያ መቀመጥ ያስቀጣል።

የፊልሙ ልብ «የእውነት አፍ» ፊት ያለው ትዕይንት ነው። ሳንታ ማሪያ ኢን ኮስመዲን የተባለው ቤተ ክርስቲያን ደጅ የቆመው ይህ ክብ የእብነ በረድ ፊት፣ እጁን የሚያስገባ ውሸታም እጁ ይቆረጣል ተብሎ ይነገርለታል። አን ሞክራ ከአፉ ጫፍ ትመልሰዋለች። ጆ ያስገባል፤ ይጮኻል፤ እጁን ሲያወጣው እጅጌው ባዶ ነው። ፔክ ቀልዱን ለሄፕበርን አስቀድሞ አልነገራትም ነበር፤ የምንሰማው ጩኸት የእውነት ጩኸት ነው። ሁለት ውሸታሞች እውነት ፊት ቆመው፣ ከሁለቱ አንዷ ብቻ ስትፈራ እናያለን።

እዚህ ላይ ኢትዮጵያዊ ተመልካች ዓይኑን ከጥንዶቹ አንሥቶ ወደ ሌላ ቦታ ቢያማትር አይፈረድበትም። ከዚያ ቤተ ክርስቲያን ተነሥቶ የጥንቱን የሠረገላ መወዳደሪያ፣ ቺርኮ ማሲሞን፣ ከዳር እስከ ዳር ለሚሄድ ሰው በዚያ ዘመን ከወዲያኛው ጫፍ የሚጠብቀው የአክሱም ሐውልት ነበር። የፋሺስቱ መንግሥት በ1937 ወስዶ ያቆመው፣ 24 ሜትር የሚረዝም ሐውልት። ጣሊያን በ1947 የሰላም ውል ከኢትዮጵያ የዘረፈችውን በ18 ወር ውስጥ ልትመልስ ፈርማለች፤ ፊልሙ በ1952 በጋ ሲቀረጽ ቀኑ ካለፈ ዓመታት ተቆጥረዋል። የተመለሰው በ2005፣ አክሱም ላይ ዳግም የቆመው በ2008 ነው። የፍቅር ቀልድ ይህን ያንሣ ማለቴ አይደለም። ነገር ግን የፊልሙ ሮም ጦርነቱን ያስወገደች፣ ሰዉ ሁሉ ሳቂታ የሆነባት ከተማ ናት፤ ለአሜሪካዊ ጎብኚ የታጠበች ሮም። ከፊልሙ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ የጣሊያን ዳይሬክተሮች በእነዚሁ መንገዶች ላይ ሥራ አጥና ሌባ ሲያሳዩን ነበር።

አንድ ቦታ ብቻ ጦርነቱ ሾልኮ ይገባል። ምስጋና የተጻፈባቸው ሰሌዳዎች የሞሉት ግድግዳ ጋ ጆ ታሪኩን ይነግራታል፤ ቦምብ ሲወርድ ልጆቹን ይዞ እዚያ የተጠጋና የተረፈ አባት። አን ስለቷን ሳትናገር ዘወር ትላለች። ጆ በዚያ ቀን ሳይዋሽ የተናገረው ይህን ሳይሆን አይቀርም።

ከካሜራው በስተጀርባም ውሸት ነበር። ታሪኩን የፈጠረው ዳልተን ትራምቦ በኮሚኒስትነት ጥርጣሬ ሆሊውድ በጥቁር መዝገብ ያሰፈረው፣ እስር ቤትም የከረመ ደራሲ ነው። ስለዚህ በጓደኛው በኢያን ማክሌላን ሃንተር ስም አቀረበው፤ የታሪኩም ኦስካር ለሃንተር ተሰጠ። ሽልማቱ በትራምቦ ስም ለባለቤቱ የተሰጠው በ1993 ነው፤ እሱ ከሞተ 17 ዓመት ሆኖታል። የፊልም ደራሲያኑ ማኅበር የጽሑፉን ባለቤትነት ጭምር የመለሰለት በ2011 ነው። ሐሰተኛ ስም ለማን ከለላ እንደሚሆን ጠንቅቆ ያወቀ ሰው እንደጻፈው ሲታወቅ፣ የአንና የጆ ጨዋታ ክብደቱ ይለወጣል።

ፊልሙ የሚዝለው ውሸቱን ሲረሳ ነው። የቬስፓው ግልቢያ ዝነኛ ቢሆንም የገበያ ዕቃ ከመገለባበጥ በላይ ብዙ አያተርፍም፤ የሚያድነው ጣቢያ ሲወሰዱ ጆ ልንጋባ ወደ ቤተ ክርስቲያን እየሄድን ነው ብሎ ፖሊሶቹን ማሳቁ ነው። በቲቤር ወንዝ ዳር፣ በቅዱስ መልአክ ግንብ ሥር፣ ከልዕልቷ አገር ሰላዮች ጋር የሚደረገው ድብድብማ ከሌላ ፊልም የመጣ ይመስላል።

የመጨረሻው ጋዜጣዊ ጉባኤ ግን እንከን ያለው አይመስለኝም። አን ወደ ኤምባሲው ተመልሳለች፤ ሁለቱም ማን እንደሆኑ ታውቋል። አን ከጎበኘቻቸው ከተሞች የትኛውን እንደወደደች ስትጠየቅ በዲፕሎማሲ ወግ ሁሉም በየራሳቸው መንገድ የማይረሱ ናቸው ማለት ትጀምርና አቋርጣ ሮምን ትመርጣለች። አርቪንግ የደበቃቸውን ፎቶዎች የሮም ማስታወሻ ብሎ በፖስታ ይሰጣታል። ቀኑን ሙሉ በነፃነት ሲዋሹ የዋሉት በፕሮቶኮል ቋንቋ እውነቱን ይነጋገራሉ።

ቅሬታዬ ከዚያ በኋላ ነው። አን በበሩ ትገባለች፤ ካሜራው ከጆ ጋር ይቀራል፤ ረጅሙን አዳራሽ ብቻውን ሲያቋርጠው እናያለን። ጆ የተወው 5,000 ዶላርና አንድ ቀን ነው፤ ነገም ቪያ ማርጉታ አለለት። እሷ የተወችው ሌላውን ኑሮ በሙሉ ነው፤ ያውም ማታውኑ ለአምባሳደሩ ግዴታዬን ባላውቅ ኖሮ አልመለስም ነበር ብላ በራሷ አፍ ተናግራ። እንዲህ ያለችን ሴት ከበሩ ወዲያ ተከትሎ አንድ ደቂቃ እንኳ አለማየት ዋይለር በዚህ ፊልም የሠራው ትልቁ ስሕተት ነው።